“አይቼዋለሁ” ትላላችሁ... ምኑን?

ወደ ዛሬው ወጋችን ከመግባታችን በፊት አንዲት ቀላል ሙከራ አብረን እንስራ። እስክሪብቶ አንሱ። በዚህ ገጽ ነጭ ህዳግ ላይ ትንሽ የመደመር ምልክት አድርጉ። ከእሷ በስተቀኝ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ በሉና የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አኑሩ። አሁን ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። በቀኝ ዓይናችሁ የመደመር ምልክቷን ብቻ ትክ ብላችሁ እያያችሁ ጋዜጣውን ከክንዳችሁ ርቀት ቀስ በቀስ ወደ ፊታችሁ አስጠጉት። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ስትደርሱ ነጥቧ እልም ትላለች!

መተት የለበትም። ከዓይናችን ወደ አእምሮ የሚሄደው ጅማት ከዓይን ኳስ የሚወጣባት አንዲት ቦታ አለች፤ እዚያች ላይ ብርሃን የሚቀበል ነገር የለም፣ እውር ናት። ማሪዮት የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ደርሶበታል። እኔን የሚደንቀኝ ግን የነጥቧ መጥፋት አይደለም። ነጥቧ በጠፋችበት ቦታ ቀዳዳ አለማየታችን ነው። አእምሯችን ከዙሪያው ነጭ ወረቀት ይቆርስና ይደፍንልናል። ፈቃድ አይጠይቀንም፤ “እዚህ ጋ የራሴን ለጥፌበታለሁ” ብሎም አይነግረን። እኛም አፋችንን ሞልተን “በዓይኔ አየሁ” እንላለን።

ይህን ያመጣሁት ሳይንስ ላስተምራችሁ አይደለም። የዚህን ዓምድ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ፍቅር፣ ትዳርና ኑሮ ነው። የማወጋችሁም ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ስለነበረ ጋብቻ ነው። ሊያፈርሰው የነበረው መጠጥ አይደለም። ውሽማም አይደለም። ጫካ ነው! ጫካ እንዴት ጋብቻ ያፈርሳል አትሉም?

ጊዜው ኅዳር 2007 ዓ.ም. ነው። በምሰራበት መስሪያ ቤት አንዲት የሂሳብ ሰራተኛ ነበረች፤ ለአምስት ሳንቲም ጉድለት አምሽታ የምትፈልግ ዓይነት ልጅ። የአዊ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው። ልጁ ዩኒቨርስቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ስራ የያዘ፣ አባቱ አዲስ ቅዳም አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ተላከ። እናቷ ግን “የልጁን ቤት ሳናይማ ቀን አልቆርጥም” አሉ። እናም ታላቅ ወንድሟ ሄዶ አይቶ እንዲመጣ ተወሰነ። እኔ ደግሞ የዳንግላ ልጅ ነኝና “አንተ ያገሩ ሰው ነህ፣ በሞቴ አብረኸው ውረድ” ብለው እናቲቱ ለመኑኝ። እንዲህ ሲሉኝ እምቢ ማለት ከየት ይመጣል? ወረድን።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ዓባይ በረሃን ወርደን ወጣን። ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አለፍን። ወንድምዬው መስኮቱ ዳር ተቀምጦ ያየውን ሁሉ እየተረከልኝ ነው። ቲሊሊ ላይ ሁለት እናቶች ተሳፈሩና ከኋላችን ጨዋታ ያዙ። ዞሮ አያቸውና በጆሮዬ፣

“ምን ቋንቋ ነው የሚያወሩት?” አለኝ።

“አውንጊ ነው፤ አገውኛ።”

“ጎጃም አይደለም እንዴ ያለነው?”

ነው እንጂ! ጎጃም ውስጥ ነን። እንጅባራን ዋና ከተማው ያደረገው የአዊ ዞን ነው። የሰባት ቤት አገው አገር። ቋንቋው ከአማርኛ ይልቅ ለኦሮምኛና ለሶማልኛ የሚቀርብ የኩሽ ቋንቋ ነው። ያ ወንድሜ ጎጃምን የሚያውቃት በዘፈንና በቅኔ ነው፤ ስለዚህ ያላወቀውን ክፍል በዙሪያው ባለው ደፍኖት ኖሯል። የህዳጋችን ነጥብ ማለት ይቺ ናት። እኔ አልፈረድኩበትም፤ አዲስ አበባ ተወልዶ አድጎ ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? የገረመኝ ሌላ ነው። አለማወቁን ሲያውቅ ትንሽ እንኳ አልደነገጠም። “አይ እንግዲህ፣ ያው ነው” ብሎ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

እንጅባራ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ሹፌሩ “ወረድ በሉ፣ ተናፈሱ” ብሎ አቆመልን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እዚያው ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የከፈተው ጉድጓድ ላይ የተኛ፣ በዛፍ የተከበበ፣ ክብ ሐይቅ ነው። ጓደኛዬ ጠርዙ ላይ ቆሞ አየና “ውይ! ይቺ ናት እንዴ? ኩሬ ናት እኮ። ነገ ጣናን ታሳየኛለህ፣ ሐይቅ ማለት እሱ ነው” አለ።

እስቲ ልብ በሉ። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ማዶው አይታይም። ጥልቀቱ ግን በጣም ጠለቀ በተባለበት ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ይቺ “ኩሬ” ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ቁልቁል ግን ከ160 ሜትር በላይ ትወርዳለች። ጣናን ከአስር ጊዜ በላይ አነባብራችሁ ብትከምሩት ነው እንግዲህ የዘንገናን ታች የሚነካው። ዓይን ስፋትን ነው የሚያየው። ጥልቀትን ለማየት ገመድ ይዞ መውረድ ያስፈልጋል፤ ሹፌሩ ደግሞ ክላክስ እያደረገ ነው።

እንጅባራን አልፈን ወደ አዲስ ቅዳም ስናቀና ግራና ቀኙ ዛፍ ብቻ ሆነ። ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የደቀቀ አረንጓዴ። ጓደኛዬ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አወጣ።

“ይሄ ሁሉ ደን የማን ነው? የመንግስት?”

“የገበሬው ነው።”

“የልጁ አባትም አላቸው?”

“አያጡም።”

ወዲያው ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ። “እማዬ! ሰውዬው ባለ ደን ናቸው! ምን ዓይነት በረከት እንዳለ ብታዪ!” እናት ከዚያ ወዲያ እልል ሲሉ እኔም ተሰማኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከልጁ አባት ደጃፍ ደረስን። ከጓሮ ጭስ ይወጣል። ውሻው ጮኸ፤ ከጭሱ ውስጥ አንድ ሰው ብቅ አሉ። ፊታቸው ጥላሸት፣ እግራቸው ላይ የላስቲክ ጫማ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር። እጃቸውን አልሰጡንም፤ እንዳያቆሽሹን ክንዳቸውን ዘረጉልን። “ኑ ግቡ፣ ኑ ግቡ፣ ለመታጠብ እንኳ አልደረስኩ” እያሉ አስገቡን። ጠላው፣ ማሩ፣ እንጀራው፣ ምን አለፋችሁ፣ የሚጎድል አልነበረም። ጓደኛዬ ግን ከጎረሰው የተወው ይበልጣል። ፊቱ ጠቁሯል፤ እንደ ሰውየው እጅ።

ስንወጣ እንደገና ስልክ። “እማዬ፣ የምን ደን? ከሰል አክሳይ ናቸው። ደኑን እየጨፈጨፉ ነው የሚኖሩት። ልጃችንን ለከሰል አክሳይ ቤት!”

በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አንዱ ሰው፣ ስለ አንዱ ቤት፣ በአንዱ ዓይን ሁለት ፍርድ ፈረደ። ትናንት ባለጸጋ፣ ዛሬ ድሃና ጨፍጫፊ። ዓይኑ ዋሽቶታል እንዳትሉ፤ ዛፉም ነበረ፣ ጭሱም ነበረ። ታዲያ ምኑ ጋ ነው የሳተው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ዛፍ ዲከረንስ ይባላል። አገሩ አውስትራልያ ነው። (ባህር ዛፍም ከዚያው ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት የገላገላት ዛፍ ዛሬ የእንጦጦ ተወላጅ ይመስለናል፤ ስሙ ራሱ “ከባህር ማዶ ነው የመጣሁት” እያለ።) የአዊ ገበሬ ዲከረንስን ጫካ እንዲሆንለት አይተክለውም። ይዘራዋል ብል ይሻላል። በመጀመሪያው ክረምት ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ላይ ያስቀምጠዋል። ጤፉን ያጭዳል፣ ችግኙ ይቀራል። በሚቀጥሉት ዓመታት ከስሩ ሳር ለከብቱ ያጭዳል። በአራተኛው፣ በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጣል። እዚያው ማሳው ላይ ይከመርና ሳር ይለብሳል፣ አፈር ይለብሳል፣ እሳት ይለኮስበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀንና ሌሊት መጠበቅ ነው። አፈሩ አንድ ቦታ ከተሸነቆረ አየር ይገባና እሳቱ ይነድዳል፤ የአምስት ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው ክምሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሰው ያድራሉ። ያን ጠዋት ፊታቸው የጠቆረው ለዚህ ነበር።

ከሰሉ በከረጢት ተሞልቶ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ባህር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳል፤ እናንተ ቡና የምታፈሉበት ሊሆን ይችላል። ማሳው ደግሞ እንደገና ይታረስና ጤፍና ችግኝ ይገባበታል። የአገሩ አፈር ዝናብ የበዛበት፣ ኮምጣጣ፣ የደከመ ነው፤ ዲከረንስ ግን እንደ ባቄላና እንደ አተር ናይትሮጅን ለአፈሩ የሚሰጥ ዛፍ ስለሆነ ያነሳዋል።

እንግዲህ “ደን ይጨፈጭፋሉ” የተባሉት ሰው ያቃጠሉት ራሳቸው የተከሉትን ነው፤ ሊተኩትም ችግኝ አፍልተዋል። ከሰል ሲባል የተራቆተ ተራራ ይታየናል። በብዙ ቦታ እውነትም እንደዚያ ነው። አዲስ ቅዳም ዋና ከተማው በሆነው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ግን የሳተላይት ምስል ያጠኑ ተመራማሪዎች በዛፍ የተሸፈነው መሬት መጨመሩን ነው ያገኙት። የጨመረውም በከሰል ምክንያት ነው! ሳተላይቱም ቢሆን አረንጓዴ ያያል እንጂ ይህ አረንጓዴ በስንተኛ ዓመቱ ላይ እንዳለ ካልተጠየቀ አይናገርም።

እኔ ከዚያ ጉዞ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው ይህችን ነው። ዓይን ቅጽበት ነው የሚያየው። የምናየው ነገር ግን የሚኖረው በዑደት ነው። ጓደኛዬ አውቶቡስ ላይ ሆኖ ያየው አራተኛውን ዓመት ነበር፤ ከሰውየው ጓሮ ያየው ደግሞ አምስተኛውን። አንደኛውን ዓመት ማለትም ጤፉን ቢያይ ኖሮ “ተራ ገበሬ ናቸው” ብሎ ሊደውል ነው። ግሪካዊው ፕላቶ ዋሻ ውስጥ ታስረው ግድግዳ ላይ ጥላ ብቻ እያዩ ስለሚኖሩ ሰዎች ምሳሌ ጽፏል። ምሳሌው ግሩም ነው፤ ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል። የፕላቶ እስረኞች የሚያዩት ጥላ ነው፣ ሐሰት ነው። የእኛ ችግር ሌላ ነው። የምናየው እውነት ነው፤ ቁራጭ እውነት። ሐሰት ቢሆን ኖሮ እኮ አንድ ቀን እንነቃበት ነበር። ቁራጭ እውነትን ግን ማን ይጠረጥረዋል?

ደግሞ ያ ሰው ኅዳር ላይ ሳይሆን ጥር 23 ቀን ቢመጣ ኖሮ ምን ሊል ነበር? እንጅባራ ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሰረተው የአገው ፈረሰኞች ማህበር በዓሉን የሚያከብረው ያን ቀን ነው። የዓድዋ ጀግኖችና የዘመቱት ፈረሶች ይታሰባሉ። ያ ጥቁር እጅ ያኔ የተሸለመ ፈረስ ልጓም ይይዛል፤ ያ የላስቲክ ጫማ እርካብ ላይ ይወጣል። ማህበሩ ለጭፈራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የሞተ በክብር የሚሸኝበት ነው። የልጁ አባት አባል ናቸው። ጓደኛዬ አይቷቸው ቢሆን “እማዬ፣ ፊታውራሪ ናቸው!” ብሎ ይደውል ነበር። እሱም ሶስተኛ ቁራጭ።

ስለማየት ካነሳን አይቀር ከአዊ ብዙም ሳይርቅ ሰከላ ውስጥ ያለውን ግሽ ዓባይን ላንሳ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት ስንት ባህርና በረሃ አቋርጦ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 እዚያ ደረሰ። አገኘሁት ብሎ ጮቤ ረገጠ። ወዲያው ግን፣ ራሱ እንደጻፈው፣ ከባድ ትካዜ ተጫነው። ያን ሁሉ ዓመት በልቡ ይዞት የመጣው ትልቅ ነገር ነው፤ ያገኘው ረግረግ መሬት ላይ ያለች ምንጭ ናት። ከ150 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ቄስ አይቷት ሄዷል፤ ብሩስ ይህን መቀበል አልፈለገም። በዙሪያው የነበሩት አገዎች ደግሞ ምንጯን ከማንም በፊት ያውቋታል፣ ያከብሯታል፣ መስዋዕት ያቀርቡላት ነበር። ምንጯ አንድ ናት። ለአንዱ ውድድር፣ ለሌላው አምልኮ፣ ዛሬ ለሚሄደው ምዕመን ጠበል። ብሩስ አገሩ ገብቶ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ ሲያወጣ ደግሞ የለንደን ሰዎች ብዙውን አላመኑትም። ያልነበሩበትን አገር በለንደን ደፍነውት ነዋ!

ብሩስን ያነሳሁት ትካዜው የእናንተን የወጣቶቹን ስለሚመስለኝ ነው። ዩኒቨርስቲ እስክትገቡ፣ ስራ እስክትይዙ፣ ዓረብ አገር ወይ አሜሪካ እስክትሄዱ፣ ያቺን ልጅ ወይ ያንን ልጅ እስክታገኙ በልባችሁ ወንዝ ተሸክማችሁ ትሄዳላችሁ። ስትደርሱ ምንጭ ነው። ታዲያ ምንጩ ምን አጠፋ? ምንጭ መሆን ነው ስራው። ወንዝ ለመሆን ከጣና በኩል አድርጎ ካርቱም ድረስ መሄድ አለበት። ዛሬ ደግሞ ስልካችሁ ላይ የጓደኛችሁን ፎቶ ታያላችሁ፤ መኪና ተደግፎ ይስቃል። መኪናው የማን እንደሆነ፣ ፎቶው ከተነሳ በኋላ የት እንዳደረ የሚነግራችሁ የለም። የጎደለውን ማን ሞላው? እናንተው። በምን? በራሳችሁ ምኞት ነዋ፣ ሌላ ምን ነጭ ወረቀት አለ?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አዲስ አበባ ስንገባ እናቲቱ ጋ ጉባኤ ተቀምጧል። ወንድምዬው ያየውን አንድ በአንድ ዘረገፈ። ጭሱን፣ ጥላሸቱን፣ የላስቲክ ጫማውን። እናት “አልኩ እኮ፣ ልቤ ነግሮኝ ነበር” እያሉ ያለቅሳሉ። (ከሶስት ቀን በፊት እልል ያለውም ይኸው ልባቸው ነው።) ልጅቷ እጇን አጣምራ ስታዳምጥ ቆየችና ወንድሟን ጠየቀችው።

“ዛፉን ማን ተከለው?”

ዝም።

“ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?”

ዝም።

“ከከሰለ በኋላስ መሬቱ ላይ ምን ይዘሩበታል?”

“እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ!”

“ያየኸውንማ ሰማሁ። ጋሼ፣ አንተስ ታውቃለህ?” አለችና ወደኔ ዞረች።

የማውቀውን ነገርኳት፤ ከላይ ለእናንተ የነገርኳችሁን ነው። እስክሪብቶ አነሳች። ጤፍ፣ ሳር፣ ከሰል፣ ጤፍ፣ በየትኛው ዓመት ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚገባ ጻፈች። ስትጨርስ ወረቀቱን እናቷ ፊት አስቀመጠችው።

“እማዬ፣ ሰውየው ያላቸው የአምስት ዓመት እቁብ ነው። እናንተ ያያችሁት የወጣበትን ቀን ጭስ ነው።”

“እጃቸው ግን ጥቁር ነው አሉ” አሉ እናት እያመነቱ።

“ይታጠባላ!”

ጋብቻው ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ ላይ ሆነ። የልጁ አባት ነጭ ኩታ ለብሰው መጡ። እናቲቱ ሲጨብጧቸው እጃቸውን ገልበጥ አድርገው ሲያዩ አይቻለሁ። ታጥቧል፤ የመዳፋቸው ስንጥቅ ውስጥ ግን ጥቁሩ እንደ ንቅሳት ቀርቷል።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጅቷ አወቀች፣ ወንድሟ ተሸነፈ፣ እልል። ኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ዲከረንስን በሽታ ገባበት። ዝገት የመሰለ ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ይይዝና ዛፉን ያደርቀዋል። ስንት ገበሬ ዓይኑ እያየ ማሳው ቡናማ ሆነበት። የልጁ አባትም ግማሹን ማሳ ሳይደርስ ቆረጡት። የደረሰው ከሰል የልጅ ልጅ አስተማረ፣ ቆርቆሮ አለበሰ፤ ያልደረሰው ማገዶ ሆነ።

ያን ጊዜ ወንድምዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? “ድሮም ብያችሁ ነበር!”

ይቺን ቃል በጣም ነው የምጠላት። ምን ብሎ ነበር? ስለ ፈንገስ ተናግሯል? ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲተክል አንድ በሽታ ሁሉንም ሊያዳርስ ይችላል ብሏል? ይህን ቢል ባርኔጣዬን አነሳለት ነበር፤ እውነተኛው ስጋት እሱ ነበርና። እሱ ያለው “ጥቁር ናቸው፣ ጨፍጫፊ ናቸው” ነው። ነገር ሲበላሽ የድሮ ንቀታችንን አውጥተን ትንቢት ነበር እንላለን። ያም ቢሆን ያው የመድፈን ስራ ነው፤ በፊት ያላየነውን ቦታ አሁን በሆነው ነገር ደፍነን “ድሮም ታይቶኝ ነበር” ማለት። ልጅቷም ብትሆን ስሌቷ ውስጥ በሽታ አልነበረም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእሷ ወረቀት አዲስ መስመር ለመጨመር ቦታ ነበረው። ወሬውን እንደሰማች ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከባሏ ጋር ተቀምጣ ለአባቱ ምን ያህል በየወሩ መላክ እንደሚችሉ አሰላች፤ የድንች ዘር መግዣም ላከች። ወንድሟ አሁንም እንደተኮሳተረ ነው፤ በዓል ሲሆን ግን ከአዲስ ቅዳም የሚመጣውን ማር እምቢ ብሎ አያውቅም።

አሁን አሁን፣ በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ውስጥ በተነሳው ግጭት፣ ወደዚያ መሄድ እንደ ድሮው ስላልቀለለን መስመሩ ሲገኝ በስልክ ነው የምንጠያየቀው። ባለፈው ደወልኩላቸው። ቆርጠው ባነሱት መሬት ላይ ድንችና ገብስ አድርገዋል፣ ጥግ ጥጉን ባህር ዛፍ። ከዲከረንሱ አንድ እልፍኝ የምታህል ቁራጭ ብቻ ትተዋል። በየጠዋቱ እየሄዱ ቅርንጫፉን ዝቅ እያደረጉ፣ ቅጠሉን በጣታቸው እየገለጡ ያዩታል።

“ከመንገድ ሲያዩትማ ደህና ነው” አሉኝ። “ለምለም ነው። የሚያልፈው ሁሉ ያደንቀዋል።”

“ከቅርብስ አባባ?”

ትንሽ ዝም አሉ። ከብት ሲያባርሩ ይሰማኛል።

“ሁለት ዛፍ ላይ ጀምሮታል። ሌላው እስካሁን ንጹህ ነው። እስቲ ክረምቱ ይውጣና እናያለን፣ ልጄ።”